የሶዳዬ አክሲዮን በበግ ሲመዘን

ይህን የምታነቡት እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ስለዚህ ለጊዜው እጠረጥራችኋለሁ። ቅር አይበላችሁ። የማላውቀውን ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው የማደርገው፤ የማውቀውን ደግሞ ስለማውቀው እጠረጥረዋለሁ።

የምኖረው ሮቤ ዳር ነው፤ ማሳዬ ሲናና። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሲሆን አስተማሪያችን ግማሹን አስቆጥሮን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የቀረውን ግማሽ ከስኳር ጆንያና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ጨረስኩት። አንዳንዱ ቃል ቢጎረብጣችሁ ጥፋቱ የካርቶኑ ነው።

በኮቴ ኪስ አንድ ድንጋይ ይዤ እዞራለሁ። የወንዝ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ፣ ልክ አንድ ኪሎ። ልክ አንድ ኪሎ መሆኑን በሦስት የተለያዩ ቀኖች፣ በሦስት የተለያዩ ሚዛኖች፣ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች መዝነው አረጋግጠውልኛል። ስኳር ልገዛ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ ድንጋዬን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ካለ እገዛለሁ። ካላለ ባለሱቁን አየዋለሁ፤ እሱም ጣራውን ያያል። አሁን አሁንማ ከሩቅ ሲያዩኝ ሚዛናቸውን የሚያስተካክሉ አሉ፤ በሩን ገርበብ የሚያደርጉም አሉ። ወደ ቀኝ አዘንብዬ የምሄደው በእርጅና ይመስላቸዋል። በድንጋዩ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመኔ ያልጠረጠርኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በግ ሻጩ ኡስማን። ኡስማን በጎቹን ከጎባ በላይ ካለው ተራራ እየነዳ የሚመጣ፣ ጢሙ የሳሳ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሮቤ ገበያ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን፣ የአረፋ ዋዜማ ነው። እኔም በግ የምገዛው በዓመት አንዴ፣ በዚያችው ቀን፣ ከእሱ ነው፤ እንዲህ ስንገበያይ አሥር ዓመት ሆነን። በግ አላረባም፤ በግ የሰው ስንዴ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ደግሞ ከበጉ በላይ ይበላል። ቀደም ብዬም አልገዛም፤ ግቢዬ የገባ በግ በሦስት ቀን ይከሳል። ለምን እንደሚከሳ አላውቅም፤ ባለቤቴ "አተኩረህ ስለምታየው ነው" ትላለች።

ኡስማን ዋጋውን አንዴ ይናገራል። "ወላሂ" አይልም፤ "ለእርስዎ ብዬ ነው" አይልም። ቀንስ ስትሉት ወደ ጎባ አቅጣጫ ያይና ዝም ይላል። ይህን ዝምታውን ነው ያመንኩት። የሚዋሽ ሰው ብዙ ያወራል ብዬ።

በጉን እየጎተትኩ ቤት ስገባ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኛለች። ዘይነባ ትባላለች፤ እኔ ሃዳ ከድር እላታለሁ፣ የልጃችን የከድር እናት ማለት ነው፤ እሷም አባ ከድር ትለኛለች። "ስንት ገዛኸው?" ትላለች። እነግራታለሁ። "ጥሩ ዋጋ ነው" ትላለች። ሃዳ ከድር ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምታመሰግነኝ፤ እሱም ያን ቀን ነው። ለዚህ ነው የየዓመቱን የአረፋ በግ ዋጋ አንድም ሳልዘነጋ የማስታውሰው። ልጄ የተወለደበትን ቀን ብትጠይቁኝ ግን ስንዴው ያሸተ ሰሞን ነበር ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

በነገራችን ላይ እሷንም ጠርጥሬያት አውቃለሁ። በየወሩ ጎባ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አንድ ትንሽ ከረጢት ጨው ይዛ ትሄዳለች። በየወሩ። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ጨው ምን ታደርገዋለች? አንዴ እህቷ ቤት በእንግድነት ሄጄ ወጡን ስቀምሰው እንዲያውም ጨው አንሶት ነበር። የሆነ ነገር እንዳለ ታወቀኝ፤ ግን ጨው ሰረቅሽ ተብሎ ሚስት አትከሰስም፣ ተውኩት።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ አክሲዮን አክሲዮን ይል ነበር። ባጃጅ ውስጥ አክሲዮን፣ መስጊድ ደጃፍ አክሲዮን፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሟቹ ስንት አክሲዮን ነበረው ይባላል። ሮቤ ላይም የተወሰኑ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የዱቄት ፋብሪካ ካቆሙ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከነሱ አንዱ ሶዳዬ ገልሞ ነው። ሶዳ እኛ ጋ አማች ነው፤ ገልሞ ታናሽ እህቴን አግብቷል።

አንድ ቀን በጧት መጣ። አክብሮ ሰላምታ ሰጠ፣ የከብቱን ደህንነት ጠየቀ፣ የዝናቡን ጠየቀ፣ የጉልበቴን ጠየቀ። ጉልበቴን ሲጠይቅ ገንዘብ እንደሚፈልግ ገባኝ።

"ሶዳ፣" አለ፣ "አሥር አክሲዮን አለኝ። ለባዳ ከምሸጠው ለእርስዎ ይሁን ብዬ ነው።"

"ስንት?"

"አሥራ ሁለት ሺህ ብር። አምና የነዚህ አሥር አክሲዮኖች ትርፍ ብቻ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነው። በአምስት ዓመት ገንዘብዎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው መብላት ነው።"

"ቁጭ ተብሎ የሚበላ ከሆነ አንተ ለምን ትነሳለህ?"

"አንገቱ የሚባለው የቡና አገር ወርጄ ቡና ልነግድ አስቤያለሁ።"

"ቡናውስ በስንት ዓመት ነው የሚመለሰው?"

ገልሞ ሻዩን ጠጣና ሃዳ ከድርን አያት፤ እሷ ባቄላ ትለቅማለች። "ሶዳ፣" አለ፣ "እርስዎ እህትዎን ሲሰጡኝም አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጠይቁኝ ነበር።"

"እሱንም ገና አልጨረስኩም" አልኩት።

እስከሚቀጥለው ገበያ ቀን መልስ እንድሰጠው ነገረኝ፤ ጎባ ላይ ሌላ ገዢ አለ አለኝ። ይሄ "ሌላ ገዢ አለ" የሚሉት ሰውዬ በየሻጩ ቤት አለ፤ እስካሁን በአካል ያየው የለም።

አሥራ ሁለት ሺህ ብር ከየት አመጣለሁ? የሚሸጥ ነገር ያለኝ ሁለት በሬ ነው፤ አንዱ ቦራ፣ ሌላው ጉራቻ ይባላሉ። ሁለቱንም ሸጬ፣ ከምርቱ የተረፈችኝን ጨምሬበት ልክ ይመጣል። አክሲዮኑ ደህና ከሆነ በሬ የማይለፋበት ገቢ አገኘሁ ማለት ነው፤ ያኔ ማሳዬን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ከመርገጥ እገላገላለሁ። ካልሆነ ደግሞ ዘር ተሸክሜ፣ የሰው በሬ የሰውን ማሳ እስኪጨርስ ዳር ቆሜ የምጠብቅ ሽማግሌ መሆኔ ነው። ዝናብ ደግሞ የሰው በሬ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጨዋታ አላየሁትም።

በማግስቱ ሄጄ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። የሚገባና የሚወጣ ጋሪ ልቆጥር። ጧት ጥበቃው አየኝ። ረፋዱ ላይ እንደገና አየኝ። ወደ ቀትር መጣ።

"አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?"

"አንተስ ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"እኔ ፋብሪካውን ነው።"

"እኔም ፋብሪካውን ነው።"

ኪሴ ውስጥ ያበጠውን ነገር ጠየቀኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። አውጥቼ ባሳየሁት ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ድንጋይ ይዞ ከፋብሪካ ፊት የሚቀመጥ ሽማግሌ ምን እንደሚባል እሱም አላወቀም፣ እኔም አላገዝኩትም።

ግን በከንቱ አልዋልኩም። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ አጠገቤ ቆመና "ወረፋው ገደለን" አለ። "የማዶው ወፍጮ ሞተሩ ከተቃጠለ ዓመት አለፈው፤ የከተማው ስንዴ ሁሉ እዚህ ነው የሚመጣው።"

የዚህን ጊዜ ነው ጆሮዬ የቆመው። የአምናው ትርፍ የፋብሪካው ጉብዝና ሳይሆን የጎረቤት ሞተር ነው ማለት ነው። ሞተር ደግሞ ይጠገናል። ላም ስገዛ የአንድ ክረምት ወተቷን ሰምቼ አልገዛም፤ በበጋስ፣ ሣር በጠፋበትስ፣ ጥጃ በሞተባትስ ዓመት ስንት ሰጠች ብዬ ነው የምጠይቀው። እንግዲያው የአሥሩንም ዓመት ትርፍ ማየት አለብኝ ብዬ ወደ ቢሮው ገባሁ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ። ባላቸው አስተማሪ ናቸው፤ ከሸዋ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ባለአክሲዮን ነዎት?"

"ባለአክሲዮኑ እህቴን አግብቷል።"

"አባባ፣ እሱ አይበቃም።"

ተመልሼ የገልሞን ወረቀት ይዤ መጣሁ። የአሥር ዓመቱን ንገሩኝ ስላቸው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። "የአሥር ዓመቱን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም የአምናውን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ" አሉ። መዝገብ ከመደርደሪያ አወረዱ፣ አቧራውን አራገፉ፣ ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ።

"ግን ዝም ብለው እንዳይደምሩት። የዋጋ ግሽበት አለ። የዛሬ አሥር ዓመቱ መቶ ብርና የዛሬው መቶ ብር አንድ አይደሉም።"

ተነስቼ እጃቸውን ልጨብጥ ምንም አልቀረኝ። ብር እንደሚያታልል ያመነልኝ የመጀመሪያዋ የተማሩ ሰው ናቸው።

"እንዴት ነው የሚስተካከለው?"

"የየዓመቱን የዕቃ ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ዓይነት ዕቃ ተሰብስቦ ነው የሚሰላው።"

"ብዙ ዓይነት ዕቃ አላውቅም" አልኩ። "በግ አውቃለሁ።"

ወይዘሮ አልማዝ ትንሽ አሰቡና "ከምንም ይሻላል" አሉ።

እሳቸው የአሥሩን አክሲዮን ትርፍ በየዓመቱ ያነባሉ፤ እኔ የዚያን ዓመት የአረፋ በግ ዋጋ አስታውሼ ስንት በግ እንደሚሆን እናገራለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ምንም፤ ሞተሩ መጥቶ ቀበቶው አልመጣም ነበር። ሁለተኛው ዓመት መቶ ሃምሳ ብር፤ ያን ዓመት በግ በመቶ ሃምሳ ገዝቻለሁ፣ ስለዚህ አንድ በግ። በአምስተኛው ዓመት ጥሩ ሠርተዋል፣ ሁለት በግ። በስድስተኛው ከስረዋል፤ አንድ በግ ከኛ ላይ ሄደ። በዘጠነኛው ዓመት ሰባት መቶ ብር ሆነ፤ ከመቶ ሃምሳ ተነስተን ሰባት መቶ ገባን ብለው በስብሰባ ላይ ማጨብጨባቸውን ገልሞ ራሱ ነግሮኝ ነበር። ያን ዓመት በግ ስንት ነበር? ሰባት መቶ። ያው አንድ በግ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበው ለአንድ ቦታዋን ላለቀቀች በግ ነው። አምና ደግሞ ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ በግ ስምንት መቶ፤ ሦስት በግ።

ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ እየተንደረደርኩ ቤት ገባሁና ግቢው ውስጥ ቁርበት ዘርግቼ በባቄላ ደረደርኩት፤ አንድ ባቄላ አንድ በግ፣ አሥር መስመር አሥር ዓመት። ለኪሳራው ዓመት አንድ ባቄላ ከጎረቤቱ መስመር ላይ አነሳሁ። ድንጋዬን አምጥቼ ቁርበቱ እንዳይጠቀለል ጫፉ ላይ ጫንኩበት። ልቆጥር ስል አንድ ሰው በር ላይ ሰላም አለኝ፤ ማን ነው፣ ምን ፈልጎ ነው ብዬ ስመረምር ቆየሁ። ስመለስ ዶሮዋ ቁርበቱ ላይ ናት። የአምናውን ሦስቱንም ባቄላ ውጣለች። እሷም እንደ ገልሞ የወደደችው የአምናውን ዓመት ነው። የቀረውን በእግሯ ጭራ ዓመቱን ከዓመት ቀላቅላዋለች።

ሃዳ ከድር ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። "ምን ሆነ?"

"ትርፉን ዶሮ በላችው።"

"አርደን እናስመልሳት?" አለች። ቀልድ ይሁን ምክር ከፊቷ መለየት አይቻልም።

ራሴን ስለማላምን እንደገና ወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቧራው ነው አሉ። አሥሩንም ዓመት እንደገና አነበቡልኝ፤ አሁን ባቄላውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ፣ ዶሮ በሌለበት፣ ቆጠርን። አሥር ባቄላ። በአሥር ዓመት አሥር በግ። በአማካይ በዓመት አንድ በግ ማለት ነው። ገልሞ ግን የሦስት በግ ዓመት ይዞ ነው ዋጋ የቆረጠው።

አሁን የቀረኝ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ስንት በግ እንደሆነ ማወቅ ነው። በዓመት አንድ በግ ስለሚሰጥ፣ የበጉ ቁጥር የዓመቱ ቁጥር ነው። ከዚያው በቀጥታ ገበያ ሄድኩ። ጊዜው የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ጾም ነበር። ኡስማን የለም፤ አንድ ሌላ ሻጭ ጥሩ ሙክት ይዞ ቆሟል።

"ስንት?"

"አምስት መቶ ይስጡና ይውሰዱት አባባ። ግማሹ ከተማ ጾም ነው፤ የሚገዛ የለም።"

አልገዛሁም፤ ዋጋውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ከኋላዬ የሆነ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም፣ ግን ደግ ነገር አይመስለኝም። አሥራ ሁለት ሺህ በአምስት መቶ ሲካፈል ሃያ አራት። ሃያ አራት በግ። ሃያ አራት ዓመት። ሶዳዬ በአምስት ዓመት ይመለሳል ያለኝ ገንዘብ በሃያ አራት ዓመት ነው የሚመለሰው። ሃያ አራት ዓመት ከኖርኩ መላከል መውት ረስቶኛል ማለት ነው።

ገልሞን ከዙህር ሰላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ አገኘሁት። ጫማውን እያደረገ ነው።

"ሃያ አራት" አልኩት።

"ምኑ?"

"ዓመቱ። እህቴን የሰጠሁህ እንደ በሬ እንድትጠምደኝ አይደለም።"

ሰው ዞር ዞር ብሎ አየን። ገልሞ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ቆመ። "ሶዳ፣ ሃያ አራቱን ከየት አመጡት? አምስት ዓመት ነው። ወረቀቱ እርስዎ ጋ ነው ያለው።"

"ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ብር ነው። እኔ የቆጠርኩት በበግ ነው።"

"በበግ?"

"አዎ፣ በበግ።"

ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያግዘው ሰው የለም። "እሺ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "እርስዎን እንደ አባት አይቼ ነው የመጣሁት። ሌባ ነህ ካሉኝ ይቅር።" ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄደ። ጫማውን በትክክል ሳያስር ነው የሄደው። ልቤን ትንሽ ነካኝ፣ ግን ትንሽ ብቻ። ቤት ገብቼ ቦራና ጉራቻን በእጄ ጭድ አበላሁ፤ አልተሸጣችሁም አልኳቸው። ለሃዳ ከድርም ሁሉንም ከነባቄላው፣ ከነሃያ አራቱ ነገርኳት። ባቄላ መልቀሟን አላቆመችም።

"ገልሞን በሰው ፊት?" አለች ብቻ።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ሶዳችንን ይቅርታ ልጠይቅልህ አለች። አስፈላጊ አይደለም አልኳት። ያስፈልጋል አለች። ቀትር ላይ ተመለሰች፤ ከነጠላዋ ጫፍ አጣጥፋ ያመጣችውን ነገር ፈትታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ማህተም ያለበት የገልሞ ወረቀት ነው። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ጀርባው ላይ በወይዘሮ አልማዝ ጽሑፍ የሃዳ ከድር ስም ተጽፏል።

"ምንድነው ይሄ?"

"ገዛሁት። በስምንት ሺህ።"

መጀመሪያ የታየኝ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው አልነበረም፤ መታለሏ ነው የታየኝ። "ስምንት ሺህ በአምስት መቶ አሥራ ስድስት በግ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት። አንቺ ሴትዮ፣ አታለለሽ።"

አጠገቤ ተቀመጠች። ከኮቴ ኪስ ድንጋዬን አወጣችና መዳፏ ላይ አደረገችው።

"የመጀመሪያው ሱቅ በዚህች ትመዝናለህ" አለች። "ሁለተኛውስ?"

"በዚህችው።"

"ለምን?"

"ድንጋዩ ከተለያየ ሚዛኑ በምን ይታወቃል?"

"ታዲያ ትርፉን በየትኛው በግ ቆጠርከው?"

"በአረፋ በግ።"

"የገልሞን ዋጋ ግን በጾም በግ ቆጠርከው። የአረፋው በግ ስምንት መቶ ነው፤ የጾሙ አምስት መቶ። ትርፉን በውዱ በግ ስትቆጥረው አነሰ፤ ዋጋውን በርካሹ ስትቆጥረው በዛ። ባለሱቁ ይህን ቢያደርግብህ ቀበሌ ትሄድ ነበር።"

በሆዴ አሥራ ሁለት ሺህን በስምንት መቶ አካፈልኩ። አሥራ አምስት። ገልሞ አምስት ብሎ ዋሸኝ ስል እኔ ሃያ አራት ብዬ ዋሽቼዋለሁ፤ እውነቱ መሃል ላይ ብቻውን ቆሟል። እሷ የገዛችበት ስምንት ሺህ ደግሞ አሥር የአረፋ በግ ነው። አሥር ዓመት።

"ይህን ለገልሞ ነገርሽው?"

"አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ አራት ሺህ እንዴት ቀነሰልሽ?"

"ሃያ አራት ዓመት ነው አልኩት። ቁጥሩ እሱንም ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቀው አድሯል።"

"ስህተት መሆኑን እያወቅሽ?"

"እኔ መች ቆጠርኩ? አባ ከድር ሃያ አራት ብሏል ነው ያልኩት። አላልክም?"

ብያለሁ። መስጊድ ደጃፍ፣ በሰው ፊት ብያለሁ።

"ለመሆኑ የጎባው ገዢስ?"

"የለም፤ አልነበረም" አለች፣ "ይሄን አንተም ታውቃለህ። ግን ሰውዬው ከልቡ አንገቱ ሊሄድ ነው። ስምንት ሺህ ይበቃዋል። እህትህም አልከፋትም።"

ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ ትዝ ያለኝ። ከየት አመጣሽው ስላት ከቅቤና ከእንቁላል አለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ያቺ ባቄላ የበላች ዶሮ ስምንት ሺህ ብር ለመሙላት እኔ ከማግባቴ በፊት ጀምራ በቀን ሁለት ሁለት መጣል ነበረባት። አዳማ ያለውን ልጄን ከድርን በስልክ ጠየቅሁት፤ ለእናትህ ገንዘብ ልከሃል ወይ? "ለማን? እኔ ራሴ ከእሷ ነው የምቀበለው" አለ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ወለደልኝ። ጎባ ያለችውን እህቷን ጠረጠርኩ። ጎረቤት ጠረጠርኩ። አንድ ሰሞን ዕቁብ ውስጥ ገብታ ይሆናል ብዬ ስትወጣ ከሩቅ ተከተልኳት፤ ሱቅ ገብታ ጨው ገዛች።

ክረምቱ እንደዚህ በጥርጣሬ አለፈ። ቦራና ጉራቻ አረሱ፣ ስንዴው ደህና ሆነ። የማዶው ወፍጮ ሞተሩን አስጠገነና ወረፋው ቀረ፤ የፋብሪካው ትርፍ ሲነገር አሥሩ አክሲዮን ከአንድ በግ እምብዛም ፈቅ አላለም፤ ባቄላዎቹ እንዳሉት። ወይዘሮ አልማዝ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "አባባ፣ ዶሮዋ እንዴት ናት?" ይሉኛል። ገልሞም ከአንገቱ ቡና ይዞ መጥቶ ሰላም አለኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀኝ፣ ምንም ሳይፈልግ።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። ገበያ ወጣሁ። ኡስማን በቦታው አለ፤ አንድ ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ቡናማ ነጥብ ያለበት ሙክት ይዟል።

"ዘጠኝ መቶ" አለ።

ሁልጊዜ የጠራውን ዋጋ የምከፍለውን ሰው ዘንድሮ ተከራከርኩት፤ በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ አስተምሮኝ ነበር። "ስምንት መቶ ሃምሳ።"

እንደ ልማዱ ወደ ጎባ አቅጣጫ አየ። አቅጣጫው የቤቴም መሆኑን እስከዛሬ አላስተዋልኩም ነበር፤ ጎባም የኔም ቤት በአንድ በኩል ናቸው።

"ኡስማን፣ ለምንድነው አንድም ቀን የማትቀንሰው?"

"በጉ የኔ አይደለም አባ ከድር" አለ። "እኔ ተራራው ላይ እጠብቃለሁ እንጂ። ዋጋውን ባለቤትየዋ ቆርጣ ነው የምትልክልኝ።"

"ማናት ባለቤትየዋ?"

ኡስማን ዝም አለ። ያን ያመንኩትን ዝምታ።

ዘጠኝ መቶ ብር ቆጥሬ ሰጠሁትና በጉን እየጎተትኩ ተነሳሁ። እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ የባዳ በግ እንደሚያደርገው እግሩን ተክሎ ሲያስቸግረኝ ነበር። ግቢዬ በር ላይ ስንደርስ ግን ገመዱን ከእጄ ነጠቀ። ሃዳ ከድር ደጃፍ ላይ ቆማለች። በጉ በቀጥታ ሄዶ መዳፏን መላስ ጀመረ፤ ከመዳፏ ሲጨርስ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ዞረ፣ የጨው ከረጢቷ ሁልጊዜ ወደምትቋጠርበት።

እኔም በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በዚያ መሃል አሥር ዓመት ሙሉ የከፈልኩት የአረፋ ገንዘብ፣ ከመቶ ሃምሳ ጀምሮ እስከ ስምንት መቶ፣ አንድ በአንድ በዓይኔ ፊት አለፈ።

"ስንት ገዛኸው?" አለች፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጥብ እያሻሸች።

"ዘጠኝ መቶ።"

"ጥሩ ዋጋ ነው" አለች።

አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል፣ ለእኔ ማለቷ ይመስለኝ ነበር።